ራስ ምታትና የአንገት እሽት፦ መቼ ወጌሻ ጋ፣ መቼ ክሊኒክ?



«ዛሬማ ራሴን ፈለጠኝ» የማይባልበት ቀን በሰፈራችን የለም። ሕመሙ ሲነሳ አንዷ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች። ሌላው ዳማከሴ አሽቶ ያሸታል፣ ከሱቅ ፓናዶል የሚገዛም አለ። ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ደግሞ «ወጌሻ ጥሩልኝና አንገቴን ያስተካክልልኝ» ይባላል። እንግዲህ የአንገት እሽት ለራስ ምታት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? መልሱ እንደ ራስ ምታቱ ዓይነትና እንደሚያሸው እጅ ይለያያል።

ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም

የመጀመሪያው ከውጥረት የሚመጣው ነው። ግንባርንና ራስን ዙሪያውን በገመድ ያሰሩት ያህል ይጨመድዳል። ሐሳብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብና የውኃ ጥም ያባብሱታል። ስደተኛ ደግሞ ሐሳብ አይጎድለውም።

ሁለተኛው ማይግሬን ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ እንደ ልብ ምት ይመታል። ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ብርሃንና ጫጫታ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 3 ቀን ሊቆይ ይችላል። በኢትዮጵያ ተደርጎ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 18 የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደሚይዛቸው አሳይቷል። ስለዚህ በሽታው የታወቀ የአንጎል ሕመም እንጂ ቡዳም፣ የሰው ዓይንም፣ ስንፍናም አይደለም።

ሦስተኛው ከአንገት የሚነሳው ነው። ከማጅራት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገት ሲዞር ይብሳል። ይኼ ለእኛ ኑሮ ቅርብ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን በጀርባ ወይም በራስ ተሸክሞ መመላለስ፣ በገዳሪፍ እርሻ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ማጨድ፣ ማታ ደግሞ መሬት ላይ ተኝቶ እቃ የታጨቀበት ከረጢት መንተራስ የአንገትን ጡንቻ ያደርቀዋል።

ቡናንም አንርሳ። በቀን ሦስት ጊዜ የለመደ ሰው ቡናው በጾም ወይም በገንዘብ ማጣት ድንገት ሲቀርበት ራሱን ያመዋል። መቀነስ የፈለገ ሰው በአንድ ጊዜ ከማቆም ቀስ በቀስ ቢያሳንስ ይሻለዋል።

ወጌሻና ካይሮፕራክተር

ወጌሻ የአገራችን የቆየ ባለሙያ ነው። በውጭ አገርም አከርካሪንና አንገትን በእጅ የሚያክም «ካይሮፕራክቲክ» የሚባል ሙያ አለ። ሙያውን ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በአሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ በ1895 እ.ኤ.አ. ጀመረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ካይሮፕራክተር 4 ዓመት፣ ቢያንስ 4,200 ሰዓት መማር ይኖርበታል። ከመጀመሩ በፊትም ታማሚውን ጠይቆና መርምሮ የማይነካውን ሰው መለየት አለበት።

ታዲያ ይሠራል ወይ? በኖርዌይ 104 የማይግሬን ታማሚዎችን በሦስት ከፍለው ሞከሩ። አንዱ ቡድን እውነተኛውን የአከርካሪ ሕክምና፣ ሁለተኛው የማስመሰል እሽት አገኘ፤ ሦስተኛው በለመደው መድኃኒት ቀጠለ። በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚለው እውነተኛው ሕክምና ከማስመሰሉ የበለጠ አልጠቀመም። ከአንገት ለሚነሳውና ከውጥረት ለሚመጣው ግን ጡንቻን ቀስ ብሎ ማሸትና አንገትን ማንቀሳቀስ ለብዙ ሰው እፎይታ ይሰጣል።

«ቀጭ» እስኪል አይጠምዘዝ!

ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች በአንገት በኩል ያልፋሉ። አንገት ድንገት በኃይል ሲጠመዘዝ አልፎ አልፎ የደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ታካሚዎች ይህን ሥጋት አስቀድመው እንዲያውቁ መክሯል። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ቢደርስ ግን እዚህ ገላባት ሆኖ ፈጥኖ ሐኪም ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በተለይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ወጌሻውን በአክብሮት «አባቴ፣ ጡንቻውን እሹልኝ፣ አንገቴን ግን አይጠምዝዙት» ይበሉት። ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ ድንገት የጀመረ ኃይለኛ የአንገት ሕመም ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሽ። በምላጭ መብጣትና ዋግምትም ይቅር፤ ምላጩ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ያስተላልፋል።

በቤት ምን እናድርግ?

• ሞቅ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ያድርጉ። ከዚያ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ትከሻና ማጅራት በቀስታ ይታሽ።
• አንገትን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ካመመ ያቁሙ።
• ውኃውን በትንሽ በትንሹ፣ ተረዳድቶ መቅዳት ይሻላል። የሚንተራሱትም ዝቅ ይበል።
• ማይግሬን ሲነሳ ጨለም ባለ ጸጥተኛ ቦታ ጋደም ይበሉ። መድኃኒቱንም ሳይብስ፣ ገና ሲጀምር ይውሰዱ።
• ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ 2፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ አይውሰድ። ፓናዶልም ያው ፓራሲታሞል ስለሆነ አይደራረብ። የጉበት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።
• በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ማስታገሻ መውሰድ ልማድ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ሕመሙ እንዲህ የሚመላለስበት ሰው ሐኪም ያማክር። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መከላከያዎች አሉ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ክሊኒክ!

የሚከተሉት ከታዩ ወጌሻም፣ ዳማከሴም አይጠበቅ፦

• ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት። «ምች ነው» ብሎ መተኛት አደገኛ ነው። በዚህ አገር ወባ አለና ደም ይመርመር።
• ትኩሳት ኖሮ አንገት ከደረቀና አገጭ ደረት መንካት ካቃተው የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል።
• እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ፣ በሕይወት ዘመን ያልታየ ሕመም።
• አንድ ጎን መድከም፣ የአፍ መጣመም፣ መንተባተብ፣ ራስን መሳት።
• ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የጀመረ።
• ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሆና ራስ ምታቱ ከጸናባት፣ ዓይኗ ከፈዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ። የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ።

ይህን ዝርዝር ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችዎ ያንብቡላቸው፤ ለሰፈሩ ወጌሻም ጭምር። እሱም እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣበት ከማሸት ይልቅ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት» ቢል የሰው ነፍስ ያተርፋል።

ጤና ይብዛላችሁ!