ጥቁሩ ጉድጓድና በአጠገቡ የሚወለዱት ከዋክብት

በጠራ ሌሊት ልጆች ከደጅ ወጥተው ወደ ሰማይ ሲመለከቱ፤ ጥያቄያቸው አባትን ዝም የሚያሰኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ «በሰማይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ፀሐያችንን ይውጣታልን?» የሚለው ነው። ስለዚህ ሊቃውንት መርምረው የደረሱበትን ባጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

እኛ ያለንበት የከዋክብት ጉባኤ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። መካከሉ ቀውስ በተባለው የከዋክብት ክፍል አቅጣጫ፤ ከኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። በዚያም ክብደቱ ፀሐይን 4 ሚሊዮን ጊዜ የሚያህል፤ ብርሃን እንኳ ሊያመልጠው የማይችል ጥቁር ጉድጓድ አለ። ጀርመናዊው ራይንሃርድ ጌንዘልና አሜሪካዊቱ አንድሪያ ጌዝ ይህን ስላስረዱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓመት የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። ያስረዱትም በዙሪያው ያሉትን ከዋክብት አካሄድ ብዙ ዘመን ተከታትለው ነው፤ ኤስ 2 የሚባለው ኮከብ በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ጉድጓዱን ይዞረዋል።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፤ ከጉድጓዱ 2 የብርሃን ዓመት በማይሞላ ርቀት ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆነ ከዋክብት መገኘታቸው ነው። ፀሐያችን ከ4 ሺህ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗታልና እነዚህ ከርሷ ጋራ ሲነጻጸሩ ገና ጨቅላዎች ናቸው። ኮከብ የሚወለደው የጋዝ ደመና ተሰብስቦ ሲጠብቅ ነው፤ በዚያ ስፍራ ግን የጉድጓዱ ስበት ደመናውን ይበታትነዋል። እንግዲያስ እንዴት ተወለዱ? ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፤ ብዙ ጋዝ ወደ ውስጥ ወርዶ በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ምጣድ ተዘረጋ፤ ከብዛቱም የተነሣ በራሱ ስበት ተቈራርጦ ከዋክብት ሆነ፤ ከፊሉንም ጉድጓዱ ሳይውጠው አልቀረም።

እንግዲህ ጉድጓዱና ከዋክብቱ ከአንድ ገበታ የሚበሉ ናቸው ማለት ነው። ዛሬም የጉድጓዱ ቀለብ በአብዛኛው እነዚያ ወጣት ከዋክብት የሚተፉት ነፋስ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ቀለቡም ጥቂት ስለ ሆነ ጸጥ ብሎ ይኖራል። በሌሎች የከዋክብት ጉባኤዎች ግን ጉድጓዱ ከመጠን በላይ ሲበላ፤ ወደ እርሱ የሚወርደው ጋዝ እጅግ ግሎ ከጉባኤው ከዋክብት ሁሉ ይልቅ ያበራል፤ ከዚያም የሚነሣው ነፋስ የቀረውን ጋዝ ጠርጎ ያወጣዋል። ያን ጊዜ የከዋክብት ልደት ይቀንሳል፤ ጉድጓዱም ራሱ ይራባል። ከዛሬ 10 ሺህ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከዋክብት እጅግ ይወለዱ ነበር፤ ጥቁር ጉድጓዶችም እጅግ ያደጉት በዚያው ዘመን ነው። የአንዱ ማደግ ሌላውን ምን ያህል እንደሚመራው ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ።

ለልጁ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይቀላል። ፀሐያችን ከዚያ እጅግ የራቀች ናትና አትዋጥም፤ መካከሉን አንድ ጊዜ ዞራ ለመጨረስ እንኳ 230 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅባታል። ስፍራውን ለማሳየት የሚወድ አባት፤ በመስቀል ሰሞን ደመናው ሲገፍ ከምሽቱ በ1 ሰዓት በደቡብና በምዕራብ መካከል ይመልከት፤ ፍኖተ ሐሊብ ደምቆ የሚታይበት ወገን እርሱ ነው።