የነጋዴው መዝገብ ከቦክስ ፋይል ወደ ዳታቤዝ፤ ቅጂው ግን የት ነው?

በመርካቶ የጅምላ ሱቆች ጓዳም ሆነ በቦሌ ሕንፃዎች ውስጥ በተከራዩ የአስመጪ ቢሮዎች ግድግዳውን ተደግፎ የሚታየው ያው የቦክስ ፋይል ድርድር ነው። የዲክላራሲዮን ኮፒ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ የዱቤ መዝገብ፣ በክላሰር የታሰረ ደረሰኝ። ከነዚህ አንዱ በተፈለገ ጊዜ ጸሐፊዋ ወንበር ላይ ወጥታ አቧራ ስታራግፍ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ወረቀቱ ቢገኝም መነበቡ ሌላ ጣጣ ነው። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት በጋ ካሳለፈ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ ግን ደረሰኙ እስኪደበዝዝ ድረስ ብቻ አልጠየቀም። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን የታክስ ማስታወቂያውን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ5 ዓመት ወይም የንግድ ሕጉ ለሚያዘው ጊዜ፣ ከሁለቱ ለሚረዝመው፣ ማቆየት አለበት። ኦዲተር መጥቶ የዛሬ አራት ዓመቱን ወጪ ማስረጃ ሲጠይቅ የደበዘዘ ወረቀት ማቅረብ ወጪው እንዳልወጣ ያስቆጥራል። ትርፍ ሆኖ ግብር ይጣልበታል፣ ቅጣትና ወለድ ይከተላል። ደረሰኙን በመጣበት ሳምንት ስካን አድርጎ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዘመናዊነት ሳይሆን ለዚህ ነው። ዋናውን ወረቀት ግን መጣል አይገባም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈግ ቢደነግግም፣ ከኦዲተር ጋር በዚህ ጉዳይ ክርክር መግጠም ለማንም ነጋዴ አይመከርም።

ብዙ ቢሮዎች «መዝገባችን በኮምፒዩተር ነው» ሲሉ ኤክሴል ማለታቸው ነው። ኤክሴል ለስሌት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለመዝገብ ጠባቂነት ግን አልተሠራም። አንዲት ሠራተኛ የስሙን ዓምድ ብቻ በፊደል ተራ ብትደረድረው የከበደ ዕዳ በአልማዝ ስም ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሩም አይቃወማትም። በመስከረም 2013 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን 15,841 የኮሮና ሕሙማን ከቆጠራው ወጥተውበት የተገኙት፣ 65,536 መስመር ብቻ በሚይዘው በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት መረጃ ሲቀባበል ስለነበር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የደረሰው በዱቤ መዝገብ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ዳታቤዝ፣ በአማርኛው የመረጃ ቋት፣ ከዚህ የሚለየው ሕግ ያለው መዝገብ በመሆኑ ነው። ደንበኛው አንድ ቦታ ይመዘገባል፣ ሽያጩ ሌላ ቦታ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መለያ ቁጥር ነው። ያልተመዘገበ ደንበኛ በዱቤ ሊሸጥለት አይችልም። ክፍያ ያለበትን ደንበኛ መሰረዝም አይቻልም። የአይ.ቢ.ኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970 በጽሑፍ ካቀረበ ወዲህ የባንኩም የአየር መንገዱም መዝገብ በዚሁ ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ እጁን የፈታበት ፒችትሪም ከሥሩ ዳታቤዝ ነው።

ችግሩ ፕሮግራሙ የተጻፈው ለፈረንጅ ስምና ለፈረንጅ ቀን መሆኑ ነው። «ኃይሌ»፣ «ሐይሌ» እና «ሀይሌ» ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለማሽኑ ግን ሦስት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱን ተስፋዬ ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያስገቡታል። በዚህ የተነሳ የዱቤ ጣሪያው 200 ሺህ ብር የሆነ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ 600 ሺህ ብር ሊወስድ ይችላል፣ ያጭበረበረ ሰው ሳይኖር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ደንበኛን በስም ሳይሆን ባለ 10 አኃዝ በሆነው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ መመዝገብ።

ቀኑ የበለጠ ያታልላል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብሎ ያስገባ ሰው ማሽኑ እምቢ ይለዋል፤ በፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30 የሚባል ቀን የለምና። ጳጉሜንም አያውቃትም። እምቢ ባለ ጊዜ እንኳ ደግ ነው፤ ችግሩ ዝም ብሎ ሲቀበል ነው። ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 5 ያለው 30 ቀን ሲሆን ማሽኑ የካቲትና መጋቢት መስለውት በፈረንጅ አቆጣጠር 28 ቀን ብሎ ይቆጥራል። ወለድ በቀን የሚያስብ፣ የቼክ ቀን የሚጠብቅ ነጋዴ ይህን ልዩነት የሚያገኘው ከደንበኛው ጋር ከተጣላ በኋላ ነው። ፕሮግራም የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ለሻጩ ቢያቀርብ ብዙ ይድናል።

ሌላው የዳታቤዝ ጥቅም ማን ምን እንደነካ መመዝገቡ ነው። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው እንደነበር ይታወሳል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ፣ ያላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን አስታውቆ፣ ያልመለሱትን በስም እስከ መለጠፍ ደረሰ። ይህን ማድረግ የቻለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በሰዓትና በሒሳብ ቁጥር ተጽፎ ስለቀረ ነው። በብዙ የግል ቢሮ ግን ገንዘብ ያዥዋም፣ የመጋዘን ሠራተኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም በአንድ የይለፍ ቃል ይገባሉ፤ ቃሉ ራሱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ። እንዲህ ባለ ቢሮ ዕቃ ቢጎድል ዳታቤዙ የሚመሰክረው «ሁላችሁም» ብሎ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ሲጠፋ ነው። በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባ ሁሉ የሚያውቀው የዴንማርኩ የመርከብ ድርጅት ሜርስክ ሰኔ 20 ቀን 2009 የደረሰበት ለትንሹም ነጋዴ ትምህርት ያለው ነው። ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የተሰራጨው በዩክሬን ኩባንያዎች ለግብር ሒሳብ በሚገለገሉበት ሶፍትዌር እድሳት በኩል ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ የሜርስክን ኮምፒዩተሮች በዓለም ዙሪያ ጸጥ አሰኛቸው። ወደቦች ላይ ካሚዮኖች ተሰለፉ፤ የትኛው ኮንቴይነር የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ድርጅቱ የእያንዳንዱን ሠራተኛ መግቢያና ፈቃድ የያዘውን መዝገብ 150 በሚሆኑ ማሽኖች ላይ አባዝቶ አስቀምጦ ነበር። ማሽኖቹ ግን እርስ በርስ የሚቀዳዱ በመሆናቸው አንዱን ያገኘው ጥፋት ሁሉንም አገኛቸው። የተረፈችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጋና ያለችው። እሷም የተረፈችው በጥበቃ ብርታት አልነበረም። ጥቃቱ ሲደርስ ጋና መብራት ጠፍቶ ስለነበር ከመረቡ ተለይታ ነው። መረጃው በኢንተርኔት ይላክ ቢባል መስመሩ ቀርፋፋ ሆኖ ቀናት የሚፈጅ ሆነ፤ ሠራተኛ ይዞት ይሂድ ቢባል ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። በመጨረሻ አንዱ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፣ አየር ማረፊያ ላይ ለሌላው አስረከበ፣ ያም ለንደን አደረሰው። ሜርስክ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ጭኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። ኪሣራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ስለዚህ ቅጂ ሲባል ከዋናው ጋር የተሰካ ማለት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ላይ ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚውል ፍላሽ ቫይረሱም አብሮ ያገኘዋል፤ ሌባውም አብሮ ይወስደዋል። በክላውድ ተቀምጦ በየደቂቃው ራሱን የሚያስተካክል ፋይልም የተበላሸውን ተቀብሎ ደህናውን ሊሽር ስለሚችል፣ አገልግሎቱ የቆዩ ቅጂዎችን ለስንት ቀን እንደሚያቆይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ በየሳምንቱ እያፈራረቁ አንዱን ሌላ ሰፈር፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ቤት፣ ማሳደር ከአንድ ካርቶን ዕቃ ትርፍ ብዙም የማይበልጥ ወጪ ነው። መርካቶን የመሰለ እሳት የማያጣው ገበያ ውስጥ ቅጂውን እዚያው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን ራስን መሸንገል ነው።

ዲስኩ ከቢሮ ሲወጣ የደንበኞች ስም፣ ስልክና ዕዳ አብሮ ይወጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የባለሱቁ የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በተለይ የቤትና የመኪና ደላሎች የሻጭና የገዢ መታወቂያ ኮፒ በስልካቸው ሞልተው ስለሚዞሩ ነገሩ ይመለከታቸዋል። ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፎ ማውጣት፣ ቁልፉንም ከአንድ ሰው በላይ እንዲያውቀው ማድረግ ያስፈልጋል። ሒሳብ ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ ማግስት መዝገቡን የሚከፍተው ሰው የታጣበት ቢሮ ጥቂት አይደለም።

አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ፍተሻው ነው። በወር አንድ ቀን፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት፣ ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር መፈለግ። ቁጥሩ ካልተገኘ ያ ዲስክ ባዶ ሣጥን ነው፤ ይህን ደግሞ ኦዲተሩ በር ላይ ሳይቆም ማወቅ ይሻላል።