ስንት ስም፣ ስንት እንሰት? የዲኤንኤ ሰንበሮች በኮምፒውተር ሲነጻጸሩ

የእንሰት ገበሬ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስም የሚያወጣ ቢሆንም፣ አንዱ ተክል በሁለት አካባቢ ሁለት ስም ሊኖረው ስለሚችል፣ የስሞቹ ብዛት የዓይነቶቹን ብዛት በትክክል አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የአልማዝ ነጋሽና የባልደረቦቻቸው ጥናት ከከፋ-ሸካ፣ ከሲዳማ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የተሰበሰቡ 146 እንሰቶችን በዲኤንኤ ሲያነጻጽር፣ 58ቱ ከሌላ የማይለዩ ሆነው በመገኘታቸው በ21 ቡድን ተመድበዋል። የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሚያኖረው የዝሆን ሳር ስብስብም ይኸው ጥያቄ ይነሳበታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ንጽጽር የተቆራረጠ ዲኤንኤ አሉታዊ ሙል ስላለው፣ ጄል በተባለው ረጋ ያለ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ወደ አዎንታዊው ጫፍ ይጓዛል፤ አጫጭሮቹ ቁርጥራጮች ሾልከው ሩቅ ሲደርሱ ረጃጅሞቹ ወደኋላ ስለሚቀሩ፣ እኩል ርዝመት ያላቸው በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሰንበር ይሠራሉ። ኮምፒውተሩ የጄሉን ፎቶ ተቀብሎ በየረድፉ የፒክስሎችን ድምቀት ይለካና ሰንበሮቹን ወደ ኩርባ ጉብታዎች ይለውጣል። የጄሉ መካከል ከዳሩ ይልቅ ስለሚሞቅና ሰንበሮቹን ስለሚያጎብጣቸው፣ ርዝመታቸው አስቀድሞ የታወቀ ቁርጥራጮች በተለያዩ ረድፎች እንዲሮጡ ይደረግና ሌሎቹ በእነርሱ ይስተካከላሉ።

አከራካሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የአንዱ ተክል ረድፍ 10፣ የሌላው 12 ሰንበር ቢኖራቸውና 8ቱ ቢገጥሙ፣ የጋራዎቹ እጥፍ ለጠቅላላው ድምር ሲካፈል ተመሳሳይነቱ 73 በመቶ ይሆናል። ተመራማሪው «ገጠመ» የሚያሰኘውን የርቀት ገደብ ጥቂት አስፍቶ 9 ቢያደርሳቸው ግን ውጤቱ ወደ 82 በመቶ ይዘላል፤ ስለዚህ ገደቡን ያልገለጸ ጥናት ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሊታመን አይገባም። ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ የሆነ ሰንበርንም፣ በነጻ የሚገኘው ኢሜጅጄም ሆነ በውድ የሚሸጥ ሶፍትዌር ሊያድነው አይችልም።

የማይለዩ የተባሉት እንሰቶች ያልተለዩት በተመረመሩት ሰንበሮች ብቻ ነው። እንሰት በአብዛኛው በዘር ሳይሆን ከእናት ተክሉ በሚወጡ ችግኞች ስለሚራባና በማሳ ላይ ስለሚጠበቅ፣ ድግግሞሽን መቀነስ መሬትና ጉልበት ይቆጥባል። ሆኖም አንድ ተክል ከስብስቡ ከመውጣቱ በፊት ስሙን ያወጣለት ገበሬ በምን እንደለየው ሊጠየቅ ይገባል።