ዓለም በቃኝ

መነኩሴ ወደ ገዳም ሲገባ «ዓለም በቃኝ» ይላል። የአዲስ አበባ ሕዝብ ይህንኑ ቃል ወስዶ ለአንድ ወህኒ ቤት ስም አደረገው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። መነኩሴው ዓለምን በፈቃዱ ይተዋል፤ እስረኛውን ግን ዓለም እንድትተወው ይደረጋል።

ዓለም በቃኝ «ከርቸሌ» በተባለው ማዕከላዊ ወህኒ ቤት ግቢ ውስጥ የነበረ፥ ብርቱ ጥበቃ የሚደረግበት ክፍል ነበር። ከርቸሌ የሚለው ስም እስር ቤት ከሚል የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ሕንፃው ባለ ሁለት ፎቅና ባለ ስምንት ማዕዘን ሲሆን፥ ክፍሎቹ ፊታቸውን ወደ መካከለኛው አደባባይ ያዞሩ ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት ዘበኞች ብዙ እስረኛ ለመጠበቅ ይችሉ ነበር። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያቀረበው ዕቅድም ይህን ይመስላል። እስረኛው ባይታይ እንኳ የሚታይ እየመሰለው ራሱን እንዲጠብቅ የታሰበ ነበር።

እንዲህ ያለው ቤት ግን ባለቤቱን አይለይም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀድሞዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ በከርቸሌ ግቢ አስረሸነ። ወህኒ ቤቱን ትናንት በሥልጣናቸው ሥር ያዩት ሹማምንት የመጨረሻ ሌሊታቸው በዚያው ሆነ።

ዛሬ ዓለም በቃኝ የለም። ፈርሶ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ21ኛው አንቀጽ፥ እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ በሚጠበቅበት ሁኔታ እንዲያዝ፥ በትዳር ጓደኛው፥ በዘመዶቹ፥ በወዳጆቹ፥ በሃይማኖት አማካሪው፥ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ደንግጓል። በሌላ አነጋገር፥ ሰው ቢታሰርም ዓለም አልበቃችውም ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ! ይህ ድንጋጌ የሚፈተነው በወህኒው በር ላይ ነው። በድሬዳዋ የምትኖር እናት ልጇ በከተማይቱ ማረሚያ ቤት ቢታሰርባት፥ ከታይዋን ገበያ በገዛችው ምሳ ዕቃ ስንቅ ልታቀብለው ትችላለች። ወደ ሸዋ ሮቢት ቢዛወርባት ግን የመንገዱ ርዝመት ሌላ ግንብ ይሆንባታል። የዝውውሩን ወረቀት የሚጽፈው ምናልባት አንድ ወጣት ጸሐፊ ይሆናል። ከመጻፉ በፊት ያችን እናት ቢያስባት፥ የዓለም በቃኝን ታሪክ በሚገባ ተምሯል እንላለን።