የሦስት ቀን ሕፃን ስንት ዓመት ይዞ ይሄዳል?

ሲኤምሲ አካባቢ የሞት ማስታወቂያ የሚለጠፈው በኮንዶሚኒየሙና በሪል እስቴቱ ግቢ በር ላይ ነው። ፎቶ፣ ስም ከነአባት፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ብሎክ። ዕድሜ አንዳንዴ ይጻፋል፤ ምን እንደገደለው ግን አይጻፍም። እንበልና በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ሰፈር ሦስት ሰው ሞተ። አንደኛዋ የ80 ዓመት እናት ናቸው፤ ልጅና የልጅ ልጅ ተሰብስቦ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ እድርተኛው ወጥቶ ተቀበሩ። ሁለተኛው ከመገናኛ ወደ አያት የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ሲሻገር መኪና የገጨው የ25 ዓመት ወጣት ነው። ሦስተኛው በተወለደ በሦስተኛው ቀን ያረፈ ሕፃን ነው። ለእሱ ድንኳን አልተጣለም፣ ወረቀትም አልተለጠፈም። ጎረቤት ለእናትየዋ "እግዜር ይተካልሽ" ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄዷል።

ሞትን በራስ ብቻ ከቆጠርነው ሦስቱ እኩል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሜሪ ዴምፕሲ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህ አቆጣጠር ሙሉውን ታሪክ አይናገርም ብላ ጻፈች። በአገሯ የሳንባ ነቀርሳ የሚገድለው ሰው ቁጥር እየቀነሰ ነበር፤ ነገር ግን ነቀርሳ የሚወስደው ወጣቱን ነው፣ የልብ ሕመም ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜው የገፋውን። ስለዚህ ሟቾቹን ብቻ ሳይሆን ሳይኖሩበት የቀረውን ዘመን መደመር ያስፈልጋል አለች። ዛሬ ባለሙያዎች "የታጡ የሕይወት ዓመታት" የሚሉት ስሌት መነሻው እዚህ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ክሪስቶፈር መሪ እና አላን ሎፔዝ የመሩትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የልማት ሪፖርት የታወቀው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ለእያንዳንዱ ዕድሜ "ገና ይህን ያህል መኖር ይገባው ነበር" የሚል ሰንጠረዥ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናት ሥራ ላይ የዋለው ሰንጠረዥ የተሠራው በየዕድሜው በዓለም ላይ ከታየው ዝቅተኛ የሞት መጠን ተነሥቶ ነው። በዚያ መሠረት አዲስ የተወለደ ልጅ 86 ዓመት ይጠብቀዋል። የ25 ዓመት ሰው 61፣ የ60 ዓመት ሰው 28፣ የ80 ዓመት ሰው 11 ዓመት ገደማ ይቀረዋል። እንግዲህ የሰፈራችንን ሦስት ሞት እንደምር፤ 11 እና 61 እና 86፣ በድምሩ 158 ዓመት። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ይዞ የሄደው ማስታወቂያ ያልተለጠፈለት ሕፃን ነው።

ለ80 ዓመት እናት 11 ዓመት መቆጠሩ የሚገርመው አንባቢ ይኖራል። 80 የደረሰ ሰው በልጅነት፣ በወሊድ፣ በጎልማሳነት ሊገድለው የሚችለውን ሁሉ ያለፈ ነው፤ እንክብካቤ ካገኘ ደግሞ ገና ይኖራል። 70 ዓመትን ድንበር አድርገው ከዚያ በላይ ያለውን ሞት ዜሮ የሚሰጡ ሌሎች ስሌቶችም አሉ። ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል፤ የማንም ሞት ባዶ ሆኖ አይመዘገብምና። የመጀመሪያው የበሽታ ጫና ጥናት ራሱ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ነበረው። የጎልማሳን አንድ ዓመት ከሕፃንና ከሽማግሌ አንድ ዓመት አብልጦ ይመዝን፣ ወደፊት የሚመጣን ዓመትም በየዓመቱ 3 በመቶ ይቀንስ ነበር። ብዙ ክርክር ከተነሣበት በኋላ በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናት ሁለቱም ቀሩ፤ መቅረታቸውም ተገቢ ነው።

ሌላው ክርክር እኛን በቀጥታ ይነካል። ኢትዮጵያዊ በአማካይ 86 ዓመት የማይኖር ከሆነ ለምን በ86 ይለካል? በአገሩ አማካይ ዕድሜ ለምን አይለካም? እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 47 ዓመት ገደማ ነበር። በዚያ ብንለካ ኖሮ የእኛ ሕፃን ያጣው 47 ዓመት፣ የጃፓኑ ሕፃን ያጣው ደግሞ ሰማንያ ገደማ ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ድህነቱ ራሱ ኪሳራውን ቀንሶ ያሳይ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያው ለሁሉም አንድ ሆነ።

በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ስትታይ የምሥራቹም ጉድለቱም ትልቅ ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጤና ልኬት ተቋም ጋር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት መጽሔት ያወጡት ጥናት አማካይ ዕድሜ በ1990 ከነበረበት 47 በ2019 ወደ 69 ገደማ እንደደረሰ ያሳያል። ትልቁ ድርሻ የሕፃናት ነው። እናቶችን ቤት ለቤት በሚጠይቀው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 166፣ በ2016 ደግሞ 67 ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አጎበር፣ በ2011 የገባው የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2013 የገባው የሮታ ቫይረስ ክትባት እጃቸው አለበት። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን ከ49 ወደ 29 ነው የወረዱት። አጎበርና እነዚህ ክትባቶች የሦስት ቀን ልጅን አያድኑም፤ ታፍኖ የተወለደን፣ ጊዜው ሳይደርስ የመጣን፣ የደም መመረዝ የያዘውን ልጅ የሚያድነው የሠለጠነ አዋላጅ፣ ኦክስጅን፣ ሙቀትና አንቲባዮቲክ ነው። የአራስ ሕፃናት ችግር በአገሪቱ የታጡ ዓመታት ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

ግን ይህ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በቤት ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀት የሚወጣውም በአብዛኛው ውርስ ወይም ጡረታ ሲጠየቅበት ነው። ሕፃን ደግሞ ውርስም ጡረታም የለውም። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ክርስትና ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ያረፈ ልጅ የክርስትና ስምም የልደት ወረቀትም ሳይኖረው ያልፋል።

እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ቁጥር ውስጥ የሚያስገባው የእናት ትዝታ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ጠያቂዋ ከእናትየዋ ጋር ለብቻቸው ተቀምጠው የወለደቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ ትጠይቃታለች፤ በሕይወት ያሉትን፣ ከዚያም የሞቱትን። እናትየዋ "የሞተብኝ የለም" ካለች ጠያቂዋ ወዲያው አታልፍም። አልቅሶ ወይም የሕይወት ምልክት አሳይቶ ያልቆየ ልጅ ነበር ወይ ብላ ትደግማለች። ከላይ የጠቀስኩት 29 የተገኘው በዚህች ድጋሚ ጥያቄ ጭምር ነው።

የአዋቂው ሞት በዚህ መንገድ አይያዝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት ኢትዮጵያ ለ2016 ያሳወቀችው የትራፊክ ሟች 4,352 ሲሆን ድርጅቱ ራሱ የገመተው 27,326 ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ። ሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ስለሆኑ በታጡ ዓመታት ሲሰላ ልዩነቱ ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ግምቱ ሰፊ ስሕተት ሊኖረው ይችላል፤ እንዲህ ያለ ግምት የሚወጣው ከነዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ ነው፤ ዜና ላይ ሲደርስ ግን ወሰኑ ይቀርና ቁጥሩ ብቻውን ይነበባል።

ሳይገመት ሞትን ራሱን የተከታተሉ ሥራዎችም አሉን። ቡታጅራ ላይ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ፣ ዳባት ላይ ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞትን የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። ሰው ሲሞት ሠራተኛው ለቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ምልክት፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ቆይታው ዝርዝር ጥያቄ ያቀርባል፤ የሞቱ ምክንያትም ከመልሱ ይለያል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከ70 በላይ የመቃብር ቦታዎች ላይ መዝጋቢ አቆሙ። የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ቀባሪዎቹ የሚሉትን የሞት ምክንያት ጻፉ። ጊዜው ኤችአይቪ በስሙ የማይጠራበት ስለነበር ቀባሪው "የሳንባ በሽታ" ሲል ተመራማሪዎቹ ይህንንም መተርጎም ነበረባቸው። ከአዋቂዎቹ ሞት ከግማሽ በላይ በኤድስ ሳቢያ እንደነበር የታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው። መድኃኒቱ ከ2005 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ በኤድስ የሚሞተው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ መቀነሱን ያሳየውም ይኸው መዝገብ ነው። አንድ እርሳስና ደብተር የያዘ ሰው በመቃብር በር ላይ መቆሙ ለከተማዋ የጤና ፖሊሲ ይህን ያህል ጠቅሟል።

እኛ ሰዎች ሞትን ማክበር እናውቅበታለን። እድሩ የሟቹን ስም ይመዘግባል፣ እንደየደንቡም ለአባወራ ይህን፣ ለልጅ ከዚያ ያነሰውን ይከፍላል። የሚጎድለን መጻፍ ነው። ሞት ሲደርስ በ30 ቀን ውስጥ ለወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ሟቹ ሀብት ይኑረውም አይኑረውም፣ ስም ይውጣለትም አይውጣለትም። ቤታችሁ መጥቶ ስለ ሟቹ ሕመም ለሚጠይቅ መዝጋቢም እውነቱን ንገሩት። የእድር ጸሐፊ የሆናችሁ ደግሞ ከሟቹ ስም አጠገብ ዕድሜ የሚሞላበት አንድ ዓምድ በደብተራችሁ ላይ አስምሩ።