አመድ ሲሚንቶን የሚተካው መቼ ነው?

በወለጋዋ ኡኬ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶውን የሚያገኘው ከሩቅ ተጭኖ ነው። አመድ ግን በወለጋ ሞልቷል። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ቦይለሩን የሚያነደው አገዳው ተጨምቆ በሚቀረው ባጋስ ነው፤ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ በኩል ደግሞ የቡና ገለፈት አለ። «ከአመዱ ጥቂት ብንቀላቅልስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ «ይቻላል» ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከአመዱ ዓይነት፣ ከአቃጣጠሉና ከአፈጫጨቱ ነው።

እንዴት ይሠራል?

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሁለት ነገር ይፈጠራል፤ አሸዋና ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ፣ እንዲሁም ብዙ ጉልበት የሌለው ኖራ። ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) የበዛበት ደቃቅ አመድ ሲጨመር ያንን ትርፍ ኖራ ይዞ ተጨማሪ ሙጫ ይሆናል። ኖራውን የሚያገኘው ከሲሚንቶው ስለሆነ ግን ሲሚንቶን ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሀገራችን ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ የሚሠራው ክሊንከር (በዋናነት ከኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ የሚገኘው የሲሚንቶ ዋና ክፍል) ከፑሚስ፣ ማለትም ከቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተፈጭቶ ነው። ሮማውያንም ከ2,000 ዓመት በፊት የእሳተ ገሞራ አመድን ከኖራ ጋር አዋህደው ወደብ ገንብተዋል።

ጥቅሙ ከዋጋም ያልፋል። ክሊንከር ለማውጣት ምድጃው ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ደግሞ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። በአመድ የተተካ እያንዳንዱ ኪሎ ይህን ይቀንሳል።

የትኛው አመድ?

የሩዝ ገለፈት አመድ በሲሊካ እጅግ የበለጸገ ነው። የባጋስ አመድም ጥሩ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ግን በደንብ ያልነደደ ከሰል ስላለበት እንደገና መቃጠል ይኖርበታል። ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይበቃዋል፤ በጣም ከጋለ ሲሊካው ይደነድንና ከኖራው ጋር መዋሃድ ያቅተዋል። የቡና ገለፈት አመድ ፖታሽ ይበዛበታል፤ ሲሊካው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ በጥቂቱና በጥንቃቄ ብቻ ይሞከራል። ከምድጃ የተዛቀ የማገዶ አመድ እንዳለ አይጨመርም።

ሥራ ላይ ሲውል

አመዱ እንደ ሲሚንቶ እስኪልም ተፈጭቶ በጥሩ ወንፊት ይነፋል። ብናኙ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። የሚለካው በባልዲ ሳይሆን በሚዛን ነው፤ አመድ ከሲሚንቶ ይቀላልና። ለመጀመር የሲሚንቶውን 10 በመቶ መተካት ይበቃል፤ ይህም በ50 ኪሎ ከረጢት 5 ኪሎ ማለት ነው። አመዱ የሚቀላቀለው ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ (ከኦፒሲ) ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ፒፒሲ ፑሚሱን አስቀድሞ ይዟልና በላዩ ላይ መጨመር ጥንካሬውን ሊያሳጣው ይችላል።

አመድ ያለበት ሥራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ ውሃ ማጠጣቱ ከተለመደው በላይ ይቀጥል፤ ኮንክሪቱን የያዘው ቅርጽም ቶሎ አይፈታ።

ልስንና የአጥር ግንብ ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ ላይ ግን የኪዩብ ናሙና ተሠርቶ በ28ኛው ቀን ጥንካሬው በላቦራቶሪ ሳይለካ አመድ መጨመር የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። ምርመራውን ያለፈ አመድ ግን ከአሥሩ ከረጢት አንዱን ያተርፋል፤ ያ አንድ ከረጢት ኡኬ ድረስ የመኪና ጭነት ሳይከፈልበት የተገኘ ነው።