የምታውቁትን ተናገሩ

ሀና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ሰፈር ናት። ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ አስፋልት ተዘርግቷል። እኛ ለማስተማር የተላክን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ፊደል ልናስተምር መጥተን እኛም ትምህርት አገኘን። ነገሩ እንዲህ ነው።

አንድ ማታ ትምህርቱ እንዳለቀ፣ «እስቲ ተረት የሚነግረን ማነው?» ብለን ጠየቅን። ሁሉም ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ መሃይሟ ምን አውቃለሁ? የተማረ ይንገር እንጂ!» አሉ። አጠገባቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬም፣ «መጽሐፍ ያያችሁት እናንተ እያላችሁ እኛ ምን እናወራለን?» አሉን።

ጥያቄው ወደ እኛ ዞረ። አምስት ነበርን። አንዱ የተረቱን መጀመሪያ ያስታውሳል፣ መጨረሻው ጠፍቶበታል። ሌላው ሳቁን ያስታውሳል፣ ያሳቀውን ነገር ረስቶታል። አያቱ የነገረችውን አሟልቶ የሚናገር ከመካከላችን ጠፋ። አፈርን።

እማማ ይህን ሲያዩ ሳያሳዝናቸው አልቀረም። «ቆይ እስቲ» ብለው የጅብ ተረት ጀመሩ። የጀመሩት በኦሮምኛ ነበር። «በአማርኛ ስናገረው አይጣፍጥልኝም» አሉ። «በሚጣፍጥዎት ይንገሩን» አልናቸው። ከእኛ አንዱ ቋንቋውን ያውቅ ስለነበር እሳቸው እየነገሩ እሱ ጻፈ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

በማግሥቱ ከተረቱ ጥቂቱን ወደ አማርኛ መልሰን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው። «ጅቡ ወደ ጫካ ሄደ» ይላል። እማማ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደሉን እየቆጠሩ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይሄማ ልክ አይደለም። ጅቡ እያነከሰ ነው የሄደው። አርሙት!» አሉ። አረምነው። ትናንት «ምን አውቃለሁ» ያሉት እናት ዛሬ አስተማሪዎቹን አረሙ።

ታዲያ ሰው የሚያውቀውን ለመናገር ለምን ያፍራል? አለማንበብና አለማወቅ አንድ ስለሚመስለው ነው። አንድ ግን አይደሉም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዘሩ መቼ እንደሚጣል፣ ጠብ በሽምግልና እንዴት እንደሚበርድ፣ ሙሽራ ምን ተብላ እንደምትመረቅ ያውቃል። ፊደል ይህን እውቀት ማስቀመጫ ጎተራ ነው። ጎተራ ደግሞ እህሉን አያበቅልም፤ እህሉ ከእናንተ ነው የሚመጣው።

ቅርስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድንጋይ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ቅርስ ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባጸደቀው ስምምነት፣ በቃል የሚተላለፍ ተረትና ታሪክም ቅርስ መሆኑ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት በዚሁ መዝገብ ገብቷል። የገዳን ሕግ ለረጅም ዘመን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገረው ወረቀት አልነበረም፤ የአባቶች ቃል ነው።

ከእኛ በፊት ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። አስቴር ጋኖ የተባሉ ኦሮሞ ሴት በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ተሻግረው ሊሸጡ ሲወሰዱ ጣልያኖች መርከቡን ይዘው ነፃ አወጧቸው። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከአገራቸው ያመጡት ንብረት አልነበረም። የእናቶቻቸውን ቃል ግን በልባቸው ይዘው ነበር። 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታቸው አውጥተው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከዚሁ ብዙ ወስዷል። እስቲ አስቡት! ባርነት ሁሉን ወሰደባቸው፤ ተረታቸውን ግን ሊወስድባቸው አልቻለም።

የአለቃ ለማ ኃይሉም ታሪክ እንዲሁ ነው። አለቃ ለማ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ስለ ነገሥታቱና ስለ ቅኔ መምህራኑ ያዩትንና የሰሙትን ሲያወሩ፣ ልጃቸው ደራሲው መንግሥቱ ለማ ተቀብለው አቆዩት። በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። የመጽሐፉ ጣዕም አባት እንደተናገሩት መቀመጡ ነው። ልጅ የአባቱን አንደበት «ላሳምረው» ብሎ አላበላሸውም።

አባባ ተስፋዬን ደግሞ የማያውቅ ጥቂት ነው። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ጆሮ ያገኘ ተረት በእሳት ዳርም በቴሌቪዥንም ይኖራል ማለት ነው።

እንግዲህ እንዴት እንጀምር? እኛ እንዲህ አድርገን አየነው።

አንደኛ፣ ከምታውቁት ጀምሩ። ረጅም ታሪክ መሆን የለበትም። የሜዳው ስም ከየት እንደመጣ፣ እናታችሁ ምን እያሉ እሹሩሩ ይሉ እንደነበር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አፍ በፈታችሁበት ቋንቋ ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ለልጅ ተናገሩ። ልጅ አይንቅም። ካልጣመው ይተኛል፤ ከጣመው «ድገሚልኝ» ይላል። ስትደግሙት ድፍረቱ በራሱ ይመጣል።

አራተኛ፣ የሰማችሁትንና ራሳችሁ ያያችሁትን ለዩ። የሰማችሁትን «ሲባል ሰማሁ» በሉ። እንዲህ የሚል ሰው ይታመናል።

አምስተኛ፣ ጻፉ። መጻፉ ከከበዳችሁ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ይጻፍላችሁ። የተናገረው ሰው ስም፣ መንደሩና ቀኑ ከላይ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፣ ለነገ አታቆዩ። ይህችን የምንላችሁ እኛው ጥፋተኞች ስለሆንን ነው።

ያን ማታ ከእማማ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ በኋላ ድፍረት አግኝተው ማውራት ጀመሩ። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት አውድማው የት እንደነበር፣ በደቦ ሲወቃ ምን እየተባባሉ ይሳሳቁ እንደነበር፣ በክረምት ወንዙን በየት በኩል ይሻገሩ እንደነበር ነገሩን። አንድ ገጽ ተኩል ጻፍን። መሸና «የቀረውን በሚመጣው ሳምንት» አልናቸው። በሚመጣው ሳምንት ፈተና ደረሰብንና ቀረን። በሦስተኛው ሳምንት ስንመለስ ድንኳን ተተክሎ አገኘን።

ለቅሶ ልንደርስ ገባን። ልጃቸው፣ «ለእናንተ የነገሯችሁ አለ አሉ፤ እኛ እኮ ጠይቀናቸው አናውቅም» አለን። አንድ ገጽ ተኩሉን አነበብንለት። ወንዙ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ማሻገሪያው የት እንደነበር ጽፈናል፤ ከወዲያ ማዶ ምን እንደነበር ግን አልጠየቅንም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ይህም ባይኖር ኖሮ» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

እማማ ግን በሕይወት አሉ። አሁን ማታ ማታ ሳንጠይቃቸው ይጀምራሉ። የልጅ ልጃቸው ደብተር ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል።

እንቆቅልሽ ስንጫወት ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገርም ይሰጣል። ልጆቻችን መልስ አጥተው አገር ሰጪ እንዳይሆኑ፣ እናንተ የምታውቁትን ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

ጥያቄዎች

1. እማማ በመጀመሪያ «ምን አውቃለሁ» ያሉት ለምንድን ነው?
2. የሽማግሌው ታሪክ ለምን ሳያልቅ ቀረ?
3. በመንደራችሁ ብዙ ታሪክ የሚያውቁት ማን ናቸው? መቼ ሄዳችሁ ትጠይቋቸዋላችሁ?
4. ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ የሰማችሁትን አንድ ነገር በአምስት መስመር ጻፉ።